«ነጻ» የተባለው ጨዋታ ዋጋው ምንድን ነው?

በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ ገበያ ቡና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ዋጋውን ይጠይቃል። ልጁ በእጅ ስልክ የኢንተርኔት ጨዋታ ሲጫወት ግን «ያለ ገንዘብ የተገኘ ነው» ብሎ ዝም ይል ይሆናል።

እንግዲህ «ነጻ» የሚለውን ቃል እንመርምር። ጌታችን ሐዋርያቱን በነጻ የተቀበሉትን በነጻ ይሰጡ ዘንድ አዘዛቸው፤ እንዲህ ያለው ስጦታ ምላሽ አይሻም። እንደ ፍሪ ፋየር ያለው ጨዋታ ግን መግቢያው ያለ ክፍያ ቢሆንም፣ ባለቤቶቹ በውስጡ በሚሸጡት ጌጥና ልብስ ያተርፋሉ፤ ሌሎቹም በማስታወቂያ ያተርፋሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ ብዙ ሰዓት እንዲቆይላቸው ይሻሉ። የአባቶቻችን ገበጣ አሸናፊው ሲታወቅ ይፈጸማል፤ ይህ ግን በየቀኑ አዲስ ሽልማት እያሳየ ይጠራል እንጂ ፍጻሜ የለውም።

በአሜሪካ የፎርትናይት ባለቤት የሆነው ኤፒክ ጌምስ ተጫዋቾችን ሳያስቡት እንዲገዙ አድርጓል ተብሎ ስለ ተከሰሰ፣ በ2015 ዓ.ም. 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤም በ2011 ዓ.ም. ሰውን ከሥራውና ከኑሮው የሚያሰናክለው የጨዋታ ሱስ በበሽታዎች መዝገብ እንዲገባ አጸደቀ።

ጨዋታ ሁሉ ኃጢአት ነው አንልም፤ መጫወት የሕፃን ጠባይ ነው። ነገር ግን የጠፋ ገንዘብ በሥራ ይተካል፤ ያለፈ ሰዓት አይተካም። ስለዚህ ካህንም ሆነ ወላጅ ከመገሠጹ በፊት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ጨዋታውን ይመልከት፤ ሰዓቱንም ይወስንለት። የሠርክ ጸሎት ሲደርስ ግን አስቀድሞ የራሱን ስልክ ያኑር፤ ልጁ ከቃሉ ይልቅ እጁን ይመለከታልና።