በከተማ ወንዝ ዓሣ ስለ ማጥመድና ስለ ወንዙ ንጽሕና

ዓሣ እንደ ማናቸውም ነፍስ ያለው ፍጥረት ለመኖር አየር ያስፈልገዋል። የሚተነፍሰውም በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ መካከል በሚያልፍ ወንዝ ዓሣ መኖር አለመኖሩን ያየ ሰው፥ የከተማው ሕዝብ እዳሪውንና ጉድፉን ወዴት እንደሚጥል ብዙ ሳይጠይቅ ለመገመት ይችላል። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሎንዶን ስለ ጤና ጥበቃ በምንማርበት ጊዜ፥ በፈረንጆች ኖቬምበር ማለት በእኛ ኅዳር፥ ቅጠሉ ረግፎ ጭጋግ በወረደበት አንድ እሑድ ጠዋት፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር ቴዲንግተን በሚባለው ስፍራ አንድ ሽማግሌ ዓሣ ሲያጠምዱ አይተን ቆምን።

ሽማግሌው በሁለት ነገር አስገረሙን። አንደኛው፥ መንጠቆውን በቀስታ ነቅለው ዓሣውን መልሰው ወደ ወንዙ መስደዳቸው ነው፤ ለወጥ የደረሰ ዓሣ መልሶ መልቀቅ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ነውና። ሁለተኛው፥ ዳቦአቸውን ከመቁረሳቸው በፊት ከቤት ባመጡት ውሃና ሳሙና እጃቸውን መታጠባቸው፥ በጣታቸው ላይ የነበረችውንም ትንሽ ቁስል ውሃ በማያስገባ ፕላስተር መሸፈናቸው ነው። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «አይጥ» ብለው በአንድ ቃል መለሱልን።

መልሳቸው ትክክል ነበር። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጡ ጀርሞችን ወደ ውሃ ያስገባል። ጀርሞቹም በተቆረጠ ቆዳ፥ በዓይን፥ በአፍንጫና በአፍ በኩል ወደ ሰውነት ይገባሉ። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ትኩሳት፥ ራስ ምታት፥ የባት ሕመምና የዓይን መቅላት ይመጣል፤ ሲከፋም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፥ ኩላሊትንም ይጎዳል። ይህን ክፉውን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ቫይል እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ገለጸው በስሙ ይጠራል። በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። አስቸጋሪው ነገር መጀመሪያ ላይ ወባ መምሰሉ ነው። ስለዚህ በወንዝ ውስጥ የዋለ ሰው ትኩሳት ቢይዘው፥ የት እንደ ዋለ ለሐኪሙ ሊነግረው ይገባል።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ውሃ በቀዘቀዘ ቁጥር ብዙ ኦክሲጅን ይይዛል። በባሕር ጠረፍ ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር 8 ሚሊግራም ያህል፥ በ10 ዲግሪ ደግሞ 11 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። (በደጋው አገራችን አየሩ የሳሳ ስለሆነ ከዚህ ያንሳል።) እዳሪ ወደ ውሃ ሲገባ ባክቴሪያዎች እየበሉት ኦክሲጅኑን ይጨርሱታል፤ በብርድ ጊዜ ግን ሥራቸው ይዘገያል። የቴምዝ ዓሣ በኅዳር ከበጋው ይልቅ የሚተነፍሰው የማያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ዝናም በበረታ ጊዜ የጎዳናው እጣቢና ከቦዩ የሚተርፈው እዳሪ በአንድነት ወደ ወንዙ ስለሚወርድ ይህ ጥቅም ሊጠፋ ይችላል።

ያ ወንዝ ዓሣ የሌለበት ዘመን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1858 በእኛ ሰኔና ሐምሌ ወራት ግማቱ እጅግ ስለ በረታ፥ በወንዙ ዳር የሚሰበሰበው ፓርላማ ሥራውን ለማካሄድ ተቸገረ። ከዚህ በኋላ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጀት ታላላቅ የምድር ውስጥ ቦዮችን ሠራ። ነገር ግን እዳሪው ከከተማው በታች ሳይጣራ ይለቀቅ ስለ ነበረ፥ ችግሩ ስፍራ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1957 ሊቃውንት ወንዙን ቢመረምሩ፥ ከተማውን በሚያቋርጠው ክፍል እባብ ከሚመስለው ኢል ከሚባለው ዓሣ በቀር የሚኖር ዓሣ አላገኙም። ከዚያ ወዲህ እዳሪው አየር እየተነፋበት ከተጣራ በኋላ እንዲለቀቅ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1974 በአንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የውሃ ማስገቢያ ወንፊት ላይ አንድ ሳልሞን ተገኘ። ይህ ዓሣ በዚያ ወንዝ ከመቶ ዓመት በላይ አልታየም ነበር። የዝናሙን ጊዜ ትርፍ ለመቀበል የተቆፈረው 25 ኪሎ ሜትር ዋሻ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተያያዘው በ2025 ነው። አንድ ወንዝ ለመመለስ ይህን ያህል ዘመን ይፈጃል።

በአገራችን ነገሩ በተቃራኒው ነው። ኅዳር ክረምቱ ያለፈበትና ወንዙ የሚጎድልበት ወር ስለሆነ፥ ያው የከተማ እዳሪ በጥቂት ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል። በአዲስ አበባ የአቃቂን ወንዞች በዚህ ወር ያየ ሰው ይህን አይስተውም፤ በዚሁም ውሃ አትክልት ይጠጣል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በዓይን ሊያሳዩ ይችላሉ። ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ይዘጋጁ፤ አንዱ ከከተማው በላይ፥ ሁለተኛው ከከተማው በታች በተቀዳ የወንዝ ውሃ እስከ አፉ ይሞላ። በእያንዳንዱ እኩል ጥቂት ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ጨምሮ፥ አየር ሳይቀርበት ከድኖ በጨለማ ቁም ሣጥን ማኖር ነው። ኦክሲጅኑ ሲያልቅ ሰማያዊው ቀለም ይጠፋል። ውሃውን መምህሩ ራሱ በጓንት ይቅዳ፤ ተማሪዎች ወደ ወንዙ አይግቡ፤ ከሥራውም በኋላ ሁሉም በሳሙና ይታጠቡ። በየጠርሙሱ ላይ የተቀዳበት ስፍራና ቀን ይጻፍ፤ ቀለሙ የጠፋበትም ቀን እንዲሁ።