የአንዲት ደሴት ድልድይ፤ ታሪክና ልማድ በድርሰት ውስጥ

ስለ አንድ ቦታ ድርሰት ስትጽፉ ሁለት ዓይነት ጉዳይ ያጋጥማችኋል። አንደኛው አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለቀ ድርጊት ነው፤ ሁለተኛው ሰዎች በየዕለቱ ወይም በየዓመቱ ሲያደርጉት የኖሩት ልማድ ነው። አማርኛ ሁለቱን በግሥ ይለያቸዋል። «ድልድይ ዘረጉ» ያለ ጸሐፊ ድርጊት ነገረን፤ «ድልድይ ይዘረጉ ነበር» ያለ ልማድ ነገረን፤ «ድልድይ ይዘረጋሉ» ያለ ደግሞ ልማዱ ዛሬም አልቀረም ማለቱ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ ግሦቹን ልብ እያላችሁ አንብቡ።

በሰሜን አየርላንድ፣ በአንትሪም አውራጃ ጠረፍ፣ ባሊንቶይ ከምትባል መንደር አጠገብ ካሪካሪድ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረች ዐለት ናት። ከዋናው ምድር የሚለያት ገደል ወርዱ 20 ሜትር፣ ጥልቀቱም 30 ሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ ባሕሩ ይናወጣል። ስሟ ከጌሊክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን አንዳንዶች «በመንገድ ላይ ያለ ዐለት»፣ ሌሎች «የመጣያ ዐለት» ብለው ይፈቱታል። ሁለቱም ፍች የሚያመራው ወደ ሳልሞን ዓሣ ነው። ሳልሞን እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ ሲመለስ የጠረፉን ጥግ ይዞ ይዋኛል፤ ደሴቲቱ መንገዱን ስለምትዘጋበትም ዞሮ ለማለፍ ይገደዳል። ለመረብ ጣይ ይህ ምቹ ስፍራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1755 ዓሣ አጥማጆች ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግር የገመድ ድልድይ ዘረጉ። ድልድዩ ቋሚ አልነበረም። በየጸደዩ ይዘረጉት ነበር፤ የማጥመጃው ወራት ሲያልቅ ያነሡት ነበር፤ በብርዱ ወራት ደሴቲቱ ያለ ድልድይ ትቀር ነበር። ርብራቡ የተራራቀ፣ የእጅ መደገፊያውም አንድ ገመድ ብቻ ነበር። አጥማጆቹ ግን ሸክማቸውን ይዘው ይመላለሱበት ነበር። ለማየት ከመጡ እንግዶች መካከል ከተሻገሩ በኋላ ልባቸው የሚከዳቸው አይጠፉም ነበርና እነርሱን በጀልባ ይመልሷቸው ነበር።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ በቀን 300 ያህል ሳልሞን ይያዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣው ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወራቱ ሁሉ የተያዘው 300 ብቻ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ማጥመዱ ቀረ። ድልድዩ ግን አልቀረም። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ይንከባከበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም በሽቦ ገመድና በጣውላ እንደገና ተሠርቷል። ዛሬ የሚሻገሩበት ጎብኚዎች ናቸው፤ ነፋስ ሲበረታ ይዘጋል።

አሁን ወደ ግሦቹ እንመለስ። «ዘረጉ» ከዓመተ ምሕረት ጋር መጣ፤ «ይዘረጉት ነበር» ግን «በየጸደዩ» ከሚለው ቃል ጋር ነው የመጣው። ጸሐፊው ከሁለተኛው ላይ «ነበር»ን አንሥቶ «በየጸደዩ ይዘረጉታል» ቢል ምን ይሆናል? ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። ያለቀው ዓሣ እንዳላለቀ፣ የቀሩት አጥማጆችም ዛሬ መረባቸውን ይዘው እንደሚሻገሩ ይነግረናል። በአንዲት ቃል መጉደል የብዙ ሰዎች እንጀራ መቅረቱ ከታሪኩ ይሰወራል። «ይዘጋል» የሚለው ግን ያለ «ነበር» መጻፉ ትክክል ነው፤ ዛሬም ይደረጋልና።

«ነበር» ሁልጊዜ ረዳት ግሥ እንዳይመስላችሁ። «አንድ ገመድ ብቻ ነበር» በሚለው ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመ ማሰሪያ ነው፤ ልማድ ሳይሆን ሁኔታ ይገልጻል።

የተማሪዎችን ድርሰት የሚያሰለች አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ነበር፣ ነበር» እያሉ መሄድ ነው። መድኃኒቱ ቦዝ አንቀጽ ነው። «በየጸደዩ ዘርግተው የማጥመጃው ወራት ሲያልቅ ያነሡት ነበር» ብንል አንዱ «ነበር» ለሁለቱም ግሥ ይበቃል። በምንባቡ ውስጥ ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ግን የሚነቀፍ አይመስለኝም፤ ዓመቱ እየዞረ የሚመጣ ሥራ መሆኑን ለጆሮ ያሰማል።

መልመጃ። በአካባቢያችሁ ያለ ድልድይ ወይም የወንዝ መሻገሪያ ምረጡ። አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አሮጊት ቀርባችሁ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ሰዎች ሲሻገሩ ምን ያደርጉ እንደ ነበር፣ ከዚያም ውስጥ ዛሬ የቀረውንና ያልቀረውን ጠይቁ። የሰማችሁትን በሦስት አንቀጽ ጽፋችሁ፣ የልማድ ግሦችን አስምሩባቸው። «ነበር» ያላችሁበትን እያንዳንዱን ቦታ፣ ልማዱ በእርግጥ መቅረቱን ለነገራችሁ ሰው አንብባችሁ አረጋግጡ።