ሞጁል ከሰርቨር ስናወጣና ስናስገባ

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ብርዱን የምንችለው ሹራብ ደርበን ነው። በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ማታ ሹራባችንን ስናወልቅ የሚንጣጣው ነገር ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ አንዳንድ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት ባነሰም ይበላሻል። ስለዚህ «እኔን አልነዘረኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። የተጎዳ ካርድ ዛሬ ሠርቶ ከሳምንታት በኋላ ሊቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ማን ያስታውሰዋል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ሹራቡን ከክፍሉ ውጭ እናውልቅ። የእጅ አንጓ ማሰሪያውን ቀለም ባልተቀባው የሻሲው ብረት ላይ እናያይዝ። ሞጁሉ ሰርቨሩ እየሠራ የሚወጣ፣ ማለትም «ሆት ስዋፕ» መሆኑን ከማንዋሉ እናረጋግጥ። ካልሆነ ሰርቨሩን በሥርዓት ዘግተን የኃይል ገመዶቹን በሙሉ እንንቀል፤ ፓወር ሰፕላዩ ሁለት ከሆነ አንዱን መንቀል ብቻውን አይበቃም።

ካርዱን በጠርዙ እንጂ በወርቃማው መገናኛ አንያዝ። ስናስገባ እንቢ ካለ አንታገለው፤ ፒን ይጣመማል። አውጥተን ቦታው ባዶ ከቀረ በመሸፈኛው እንዝጋው፤ ክፍት ከተተወ የፋኑ ነፋስ በዚያ ያመልጣል። የደጋ አየር ስስ ስለሆነ ሙቀት የማውጣት አቅሙም አነስተኛ ነው።

ብርዱ ለኛ እንጂ ለሰርቨሩ ጠላት አይደለም፤ ጠላቱ የለበስነው ሹራብ ነው።