ሙሴ ጸሊም፤ ከሽፍታ አለቅነት እስከ ገዳም አባትነት



በዚህ ጽሑፍ ልንማማርበት የፈለግነው ስለ መሪና ስለ ተከታይ ነው። ይኸውም፦ በክፉ መንገድ ብዙዎችን አስከትሎ የሄደ ሰው ሲመለስ ምን ይጠበቅበታል? የተከተሉትስ ሰዎች ምን ይጠበቅባቸዋል? የሚለው ነው። ጥያቄው ከመጽሐፍ ያገኘነው ሳይሆን በራሳችን ላይ የደረሰ ስለሆነ በመጀመሪያ ነገሩን እንደሆነው እንናገራለን።

1. ጥያቄው ከየት መጣ?

ከሁለት ዓመት በፊት የምድባችን መሪ የነበረ አንድ ወንድም ነበረን። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሲናገር ይደመጣል፤ ከበሮ ሲመታ ሁሉ ያጨበጭባል፤ «ተነሡ እንሂድ» ሲል «ወዴት?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። በዚያ ዓመት ለ30 ችግረኛ ልጆች የደብተርና የእርሳስ መግዣ ገንዘብ አሰባስበን ነበር። እርሱ ገንዘቡን ይዞ ወደ ጠጅ ቤት መራን፤ እኛም ስምንት ሆነን ተከተልነው። ገንዘቡ በሦስት ቅዳሜ አለቀ። ልጆቹም መስከረምን ያለ ደብተር ጀመሩ።

ነገሩ ሲታወቅ እርሱ አፍሮ ቀረ። እኛ ግን «እርሱ አሳስቶን ነው» ብለን ይቅርታ ጠየቅንና በቦታችን ተቀመጥን። ባለፈው ሰኔ ይህ ወንድም ተመልሶ መጣ። የጠፋውን ገንዘብ በሙሉ ለሰብሳቢያችን አስረከበና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ለመማር ብቻ እንዲፈቀድለት ለመነ። ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። «አይግባ፤ ዳግመኛ ሌሎችን ያስታል» ብለን አጥብቀን የተከራከርነው ደግሞ አብረነው የጠጣን እኛው ነበርን።

ውሳኔው ለሁለት ሳምንት እንዲያድር ሆነ። በዚያው ሰሞን ሰኔ 24 ቀን የሙሴ ጸሊም መታሰቢያ በመሆኑ ታሪኩን አጥንተን ለጉባኤው እንድናቀርብ ታዘዝን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥናት ፍሬ ነው።

2. ሽፍታው ሙሴ

ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ነው። «ጸሊም» ማለት ጥቁር ማለት ሲሆን የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በዚያ ዘመን ይህ ስም ከግብፅ በስተደቡብ ለሚገኙ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ይሰጥ ነበር። የሕይወቱን ታሪክ ከጻፉት አንዱ ጳላድዮስ ነው፤ እርሱም በግብፅ በረሓ ከመነኮሳት ጋር የኖረና መጽሐፉን በ420 ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፈ ሰው ነው።

ሙሴ በመጀመሪያ የአንድ ባለሥልጣን ባሪያ ነበረ። በስርቆቱና በክፉ ጠባዩ ምክንያት ጌታው ከቤቱ አባረረው። ከዚያም ወደ ሽፍትነት ገብቶ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ጉልበቱንና የልቡን ድፍረት የሚያሳይ አንድ ታሪክ ተጽፏል። አንድ ሌሊት ሊሠራ ያሰበውን ክፋት የአንድ እረኛ ውሻ ጮኾ አሰናከለበት። ሙሴም ቂም ይዞ እረኛውን ሊገድል ተነሣ። እረኛው ያለው ከዓባይ ወንዝ ማዶ ነበር፤ ወንዙም ሞልቶ ስፋቱ አንድ ማይል ያህል ሆኗል። ሙሴ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠው። ሙሴ አራት ምርጥ በጎች አርዶ በገመድ አሰረና እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ፣ ከጠጣም በኋላ 50 ማይል ተጉዞ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

እንግዲህ ሰዎች ይህን የመሰለውን ሰው ለምን ተከተሉት? ብለን ስንወያይ የደረስንበት ይህ ነው። ደፋር ነው፤ የማይቻለውን ይችላል፤ ከእርሱ ጋር ያለ ሰው ፍርሃቱን ይረሳል። ጌታ የጣላቸውና ቤት የሌላቸው ሰዎች እንዲህ ያለ አለቃ ሲያገኙ ዘመድ ያገኙ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ወንዝ መሻገር መቻል አንድ ነገር ነው፤ ወንዙን የተሻገሩበት ምክንያት ሌላ ነገር ነው። ሙሴ ያን ሁሉ ጉልበት ያፈሰሰው በአንድ የውሻ ጩኸት ምክንያት ሰው ለመግደል ነበር። ተከታይም ብዙ ጊዜ የሚያየው ዋናውን እንጂ የሚዋኝበትን ምክንያት አይደለም። እኛም ወንድማችንን የተከተልነው ከበሮው ስለማረከን እንጂ የሚሄድበትን መርምረን አልነበረም።

3. ንስሐ በአንድ ቀን አያልቅም

ሙሴ ከጊዜ በኋላ ልቡ ተነክቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ሄደ። ይህ ቦታ ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን የሚባለው፣ ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው በረሓ ነው። በዚያም አባ ኤስድሮስ የተባሉት ቄስ ተቀበሉት፤ መንኩሶም አባ ሙሴ ተባሉ።

ብዙዎቻችን ታሪኩ በዚህ የሚያልቅ ይመስለን ነበር። ሽፍታ ነበሩ፣ ንስሐ ገቡ፣ ቅዱስ ሆኑ። የተጻፈው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የቀድሞው ልማድ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ያስጨንቃቸው ስለነበረ ስድስት ዓመት ሙሉ በበዓታቸው ቆመው ሲጸልዩ ያድሩ ነበር። ተስፋ ሊቆርጡ ሲደርሱ ወደ አባ ኤስድሮስ ይሄዳሉ፤ እሳቸውም አጽናንተው ይመልሷቸዋል።

ከዚያም አባ ሙሴ ሌላ ሥራ ጨመሩ። ሌሊት ተነሥተው ወደ ሽማግሌዎቹና ወደ ደካሞቹ መነኮሳት በዓት እየሄዱ፣ እንስራቸውን ሳያስታውቁ ወስደው ውኃ ይሞሉላቸው ጀመር። ውኃው ለአንዳንዱ ሁለት ማይል፣ ለአንዳንዱ አምስት ማይል ይርቅ ነበር። አንድ ሌሊትም በጉድጓዱ አጠገብ ጎንበስ ብለው ሳሉ ጋኔን ወገባቸውን በዱላ እንደ መምታት መታቸውና ወደቁ። በማግሥቱ ሰው አግኝቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን አስወሰዳቸው፤ ለመዳን አንድ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

ይህን ልብ እንበል። የበግ ሥጋ ተሸክሞ ወንዝ የተሻገረው ጉልበት አልጠፋም፤ ያው ጉልበት የሽማግሌዎች እንስራ ተሸካሚ ሆነ። በቀን በሰው ፊት ያዝዙ የነበሩት ሰው በሌሊት ማንም ሳያያቸው ያገለግሉ ጀመር። የተመለሰ መሪ የሚታወቀው በመጀመሪያ በዚህ ይመስለናል፤ አለቅነቱን ወዲያው መልሱልኝ አይልም።

አንድ ጊዜም አራት ወንበዴዎች ማንነታቸውን ሳያውቁ በበዓታቸው መጡባቸው። አባ ሙሴ አራቱንም አስረው እንደ ገለባ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጧቸው። ከእንግዲህ ሰው መጉዳት ስለማይገባቸው ምን እንደሚደረግ መነኮሳቱን ጠየቁ። ወንበዴዎቹም የያዛቸው ያ ስመ ጥሩው የሽፍታ አለቃ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለእግዚአብሔር ከተገዛ እኛስ ምን እንጠብቃለን ብለው መነኮሱ። ክፉ ዝናው የሳባቸው የነበሩትን ያህል መመለሱም ሳበ ማለት ነው።

4. የሚያፈሰው ማሰሮ

በአስቄጥስ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት መነኮሳት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴን ቢጠሯቸው እምቢ አሉ። ቄሱ ሰው ሁሉ እየጠበቀዎ ነው ብሎ ቢልክባቸው፣ የሚያፈስ ማሰሮ ውኃ ሞልተው ተሸክመው መጡ። ሊቀበሏቸው የወጡት ምን ነገር ነው ብለው ጠየቁ። አባ ሙሴም የራሳቸው ኃጢአት ከኋላቸው ሲፈስስ ሳያዩት፣ በሌላው ጥፋት ሊፈርዱ መምጣታቸውን ገለጹላቸው። ጉባኤውም ይህን ሰምቶ ወንድምየውን ይቅር አለው።

ይህን ክፍል በጉባኤያችን ፊት ባነበብን ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። ከተከራከርነው ከስምንታችን አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ወንድማችን የመለሰው ገንዘብ የእኛም ድርሻ አለበት እኮ» አለ። በእውነት እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያሰበ አልነበረም። እርሱ የዘጠኝ ሰው ዕዳ ብቻውን ከፍሏል። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ «አሳስቶን ነው» እያልን ስንቀመጥ ማሰሯችን ከኋላችን ያፈስስ ነበር። እርሱ መራን እንጂ አልጎተተንም፤ ወደ ጠጅ ቤቱ የሄድነው በገዛ እግራችን ነው።

5. የመጨረሻው ቀን

አባ ሙሴ በመጨረሻ ቅስና ተቀበሉ፤ ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ። ጳላድዮስ በ75 ዓመታቸው እንዳረፉና 70 ደቀ መዛሙርት እንደተዉ ጽፏል። ቀድሞ ሽፍቶች የተከተሉት ሰው ዛሬም የሚከተሉት አገኘ።

በ405 ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አረመኔዎች በገዳሙ ላይ እንደሚመጡ ተሰማ። አባ ሙሴ ከእሳቸው ጋር የነበሩትን ሰባት ወንድሞች ተነሥታችሁ ሽሹ አሏቸው። እርስዎስ አይሸሹምን? ቢሏቸው፣ ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ ይጠፋል የሚለው የጌታ ቃል በእሳቸው ላይ እንዲፈጸም ይህን ቀን ብዙ ዘመን ሲጠብቁ እንደኖሩ ነገሯቸው። ወንድሞችም ከእርስዎ ጋር እንሞታለን እንጂ አንሸሽም አሉ። አባ ሙሴ ግን፣ ይህ የእኔ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ያስብ በማለት መለሱላቸው። አረመኔዎቹም ደርሰው ገደሏቸው። ተደብቆ የተረፈው አንዱ ወንድም ሰባት አክሊላት ሲወርዱ ባየ ጊዜ ከተደበቀበት ወጥቶ አብሯቸው ሞተ ይባላል።

በሽፍትነቱ ዘመን ሙሴ የሰዎችን ታማኝነት ለራሱ ጥቅም ያውለው ነበር። በሞታቸው ቀን ግን አባ ሙሴ ያንን ታማኝነት ለባለቤቶቹ መለሱላቸው። የራሳቸውን ዕዳ ሌላው እንዲከፍልላቸው አልፈለጉም፤ የቀሩትም በትእዛዝ ሳይሆን በፈቃዳቸው ቀሩ። ክፉ መሪ «ተከተሉኝ፤ አትጠይቁ» ይላል። የተመለሰ መሪ «እያንዳንድህ አስብ» ይላል። ከታሪኩ ሁሉ ይዘን እንድንሄድ የምንፈልገው ይህን ነው።

6. ለእኛ

ጉባኤያችን በመጨረሻ ወንድማችን እንዲገባ ፈቀደ። ገንዘብ እንዲይዝ ወይም ምድብ እንዲመራ አልተደረገም፤ እርሱም አልጠየቀም። ይቅርታ ማድረግና ኃላፊነት መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አባ ሙሴም በአንድ ቀን ቄስ አልሆኑም። አሁን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይማራል። ከበሮውን ሌላ ይመታል።

እኛ ስምንታችንም ድርሻችንን አዋጥተን መልሰንለታል። እርሱ ግን «ለልጆቹ ይሁን» ብሎ አልተቀበለንም። በዚህም ምክንያት በዚህ ዓመት ደብተር የሚያገኙት ልጆች ከ30 ወደ 60 ከፍ ብለዋል። ሆኖም በዚያ መስከረም ደብተር ያላገኙትን ልጆች ስናስብ ዛሬም እናፍራለን፤ ሐፍረቱም ቢቆይብን መልካም ነው እንላለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ. አንድን ሰው ስንከተል የምንመረምረው ችሎታውን ነው ወይስ የሚወስደንን ቦታ?

ለ. አባ ሙሴ አራቱን ወንበዴዎች በጉልበታቸው ያዟቸው፤ ልባቸውን የመለሰው ግን ምንድን ነው?

ሐ. በእያንዳንዳችን ሕይወት «እርሱ አሳስቶኝ ነው» ብለን የተውነው ዕዳ አለን?

የጻድቁ አባታችን የአባ ሙሴ ጸሊም በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።