ሲኩዌንስና ሲሪስ፦ ከፎርሙላው በፊት ቆጠራው

የ12ኛ ክፍል ሒሳብ የሚጀምረው በዚህ ምዕራፍ ነው። ፎርሙላዎቹ ቢበዙ አምስት ናቸው፤ ማንም ተማሪ በአንድ ምሽት ይሸመድዳቸዋል። ነጥብ የሚጠፋው ሌላ ቦታ ነው። ስንት ተርም እንዳለ ሳይቆጠር፣ የተጠየቀው አንድ ተርም ይሁን ድምር ሳይለይ ቁጥር መተካት ሲጀመር ነገሩ ይበላሻል። ስለዚህ እስኪርቢቶው ወደ ፎርሙላ ከመሄዱ በፊት የሚከተለውን ልመዱ።

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ሁለተኛውን ተርም ከሦስተኛው፣ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ቀንሱ። ልዩነቱ እኩል ከሆነ አርቲሜቲክ ነው፤ ያ ልዩነት ኮመን ዲፈረንስ ይባላል። እኩል ካልሆነ እያንዳንዱን ከፊቱ ለቀደመው አካፍሉ፤ ውጤቱ ካልተለወጠ ጂኦሜትሪክ ነው፣ ውጤቱም ኮመን ሬሾ ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ 2፣ 4 ብሎ የጀመረውን 6ም 8ም ሊከተለው ይችላል። በቃላት በተጻፈ ጥያቄ ደግሞ «በየወሩ 50 ብር እየጨመረ» ሲል አርቲሜቲክ፣ «በየዓመቱ 7 በመቶ እያደገ» ሲል ጂኦሜትሪክ ነው።

ቀጥሎ የተሰጠውንና የተጠየቀውን በወረቀት ላይ አስፍሩ። አንድ ሰው በመጀመሪያው ወር 200 ብር ይቆጥባል፤ ከዚያ በየወሩ ካለፈው ወር 50 ብር ያስበልጣል። በ24ኛው ወር ስንት ይቆጥባል? በ24 ወራትስ ስንት ይጠራቀምለታል? የመጀመሪያው ጥያቄ ተርም ነው፣ ሁለተኛው ድምር። 24ኛው ወር ላይ እስኪደርስ ገንዘቡ የጨመረው 23 ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ጭማሪ የለውምና። ስለዚህ 200 + 23 × 50 = 1,350 ብር። ለድምሩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተርም ደምሩ፣ በብዛታቸው አባዙ፣ ለ2 አካፍሉ፦ (200 + 1,350) × 24 ÷ 2 = 18,600 ብር። ፎርሙላው ውስጥ ያለው «ሲቀነስ 1» ከየት እንደመጣ የገባው ተማሪ ፎርሙላውን ቢረሳ እንኳ መልሶ ያወጣዋል።

ብዛቱ ካልተሰጠ ራሳችሁ ቁጠሩ። ከ100 እስከ 500 ያሉት የ7 ብዜቶች ድምር ስንት ነው? የመጀመሪያው 105፣ የመጨረሻው 497 ነው። ልዩነታቸው 392 ለ7 ሲካፈል 56 ይሆናል፤ ይህ ግን የእርምጃው ቁጥር ነው። የቁጥሮቹ ብዛት 57 ነው። ድምሩም (105 + 497) × 57 ÷ 2 = 17,157።

ሁለት ተርሞች ብቻ ሲሰጡም መንገዱ ያው ነው፦ በመካከላቸው ያለውን እርምጃ ቁጠሩ። በአርቲሜቲክ 4ኛው 17፣ 11ኛው 45 ከሆነ በ7 እርምጃ 28 ጨምሯል፤ ኮመን ዲፈረንሱ 4፣ የመጀመሪያው ተርም 5 ነው። በጂኦሜትሪክ ግን ተጠንቀቁ። 3ኛው 12፣ 7ኛው 192 ቢሆን በ4 እርምጃ 16 እጥፍ አድጓል። ኮመን ሬሾው 2 ብቻ አይደለም፤ −2ም ይሆናል። የመጀመሪያው ተርም በሁለቱም 3 ነው፤ የ7ቱ ተርሞች ድምር ግን በ2 ከሄድን 381፣ በ−2 ከሄድን 129 ነው። ጥያቄው ተርሞቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ናቸው ካላለ ሁለቱንም መልስ ጻፉ።

በጣም የሚያሳስተው የባንክ ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ በዚሁ 7 በመቶ እንሥራ። ወለዱ በየዓመቱ መጨረሻ ከዋናው ገንዘብ ጋር ይደመር። 10,000 ብር አንድ ጊዜ ገብቶ 5 ዓመት ቢቀመጥ በ1.07 የሚባዛው 5 ጊዜ ነው፦ 10,000 × 1.07⁵ = 14,025.52 ብር። የገባውን ብር 1ኛ ተርም ካላችሁት ይህ 6ኛው ተርም ነው። ብዙዎች «5 ዓመት» ሲባል 5ኛውን ተርም ይፈልጉና የአንድ ዓመት ወለድ ያጎድላሉ።

አንድ ሰው ለ5 ዓመት በየዓመቱ መጀመሪያ 10,000 ብር ቢያስገባስ? የእያንዳንዱን ተቀማጭ ዕድሜ ለየብቻ ጻፉ። የመጨረሻው አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ 10,700 ብር ሆኗል፤ ከእሱ በፊት የገባው ሁለት ዓመት፣ እንዲህ እያለ የመጀመሪያው አምስት ዓመት። እንግዲህ በ10,700 የሚጀምር፣ ኮመን ሬሾው 1.07 የሆነ፣ 5 ተርም ያለው ሲሪስ ነው። ኮመን ሬሾውን ወደ 5ኛ ፓወር ከፍ አድርጉ፣ 1 ቀንሱ፣ ለ0.07 አካፍሉ፣ በ10,700 አባዙ፤ 61,532.91 ብር ይመጣል። ከኪሱ የወጣው 50,000 ስለሆነ ቀሪው ወለድ ነው። መልሳችሁ ከ50,000 ካነሰ ወይም 100,000 ካለፈ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ማብቂያ የሌለውን ጂኦሜትሪክ ሲሪስ ድምር ለማግኘት የመጀመሪያውን ተርም 1 ሲቀነስ ኮመን ሬሾ ለሚሰጠው ቁጥር ማካፈል ነው። ይህ የሚሠራው ግን ኮመን ሬሾው በ−1 እና በ1 መካከል ሲሆን ብቻ ነው፤ ያንን ሳታረጋግጡ አትንኩት። ከ10 ሜትር የተለቀቀ ኳስ በነጠረ ቁጥር ከወደቀበት ከፍታ ሦስት አምስተኛውን ቢወጣ በጠቅላላው ስንት ሜትር ይጓዛል? 10 ÷ 0.4 = 25 ያለ ተማሪ መውረዱን ብቻ ቆጥሯል። ኳሱ ይወጣልም፤ የመጀመሪያው ሽቅብ ጉዞ 6 ሜትር ስለሆነ የሽቅብ ጉዞዎቹ ድምር 6 ÷ 0.4 = 15 ነው። 25 እና 15 ሲደመሩ 40 ሜትር።