ኤሲ ሲበራ ሳል የሚነሳባችሁ ከሆነ ይህን አንብቡ



ሙቀቱ ሲበረታ ከድሬዳዋ፣ ከአዳማ፣ ከሰመራ፣ እንዲሁም ከዱባይና ከጂዳ አንድ ጥያቄ በብዛት ይደርሰኛል፦ «ዶክተር፣ ኤሲ ጉንፋን ያስይዛል እንዴ? ከፍቼው አድሬ ጠዋት ጉሮሮዬ ደርቆ፣ አፍንጫዬ ታፍኖ እነሳለሁ።»

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ ኤሲው አይደለም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ግን ጉሮሮን ያደርቃል፣ አስምም ይቀሰቅሳል። ኤሲው ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ለምን? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አብዛኛው የቤት ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ መልሶ ይነፋዋል። አቧራው ፊልተሩ ላይ ይጠራቀማል። ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል። አቧራና እርጥበት ሲገናኙ ሻጋታ ይበቅላል፤ ያንን ሌሊቱን ሙሉ እንተነፍሰዋለን።

ታዲያ ብዙ ሰው ፊልተሩን ሳያይ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ይገዛል። አንቲባዮቲክ ለአለርጂም ለአስምም አይሠራም!

ሳሉ ከኤሲው መሆኑን በምን ትጠረጥራላችሁ? ኤሲው ሲበራ ከጀመረ፣ ከቤት ስትወጡ ደግሞ ከቀለላችሁ።

እንዴት እናጽዳ?

1. በሪሞት ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ኃይሉን ከብሬከሩ አቋርጡ።

2. ክዳኑን ከፍታችሁ ፊልተሩን ቀስ ብላችሁ አውጡ። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ባያጸዳ ይመረጣል፤ ግድ ከሆነ ማስክ ያድርግ።

3. መረቡን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፣ ያጣምመዋል።

4. ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እርጥቡን መመለስ ሻጋታ መጋበዝ ነው።

5. በየቀኑ የምታበሩት ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ አጽዱት። ቢዘገይ ከወር አይለፍ።

6. ውሃው በቱቦው ወደ ውጭ መውረዱን አረጋግጡ። ክፍል ውስጥ የሚያንጠባጥብ ወይም የሻገተ ሽታ ያለው ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። የውስጡን እጥበት በዓመት አንዴ፣ ሙቀቱ ሳይገባ ባለሙያ ይሥራው።

በረኪና ግን በፍጹም አትርጩበት። ብረቱን ይበላዋል፣ ሽታውም ሳንባን ይቆጣል።

አንድ ነገር አደራ፦ የጸዳ ኤሲም የክፍሉን አየር አይለውጥም። ጠዋትና ማታ መስኮት ክፈቱ። በተለይ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ ይህ ግዴታ ነው፤ የሳንባ ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፣ የተዘጋ ክፍል ደግሞ ይመቸዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየን ሳል፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበትን ሳል «የኤሲ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ተመርመሩ።

ትንፋሽ ካጠረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ኢንሄለር ካላስታገሰ ነገ አትበሉ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ዛሬ ማታ ኤሲውን ከማብራታችሁ በፊት ፊልተሩን አውጥታችሁ እዩት። ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ኤሲ ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!