የሞተ አውሬና የልጅ እጅ

ልጅ ያገኘውን ሁሉ እንደሚያነሳ የማያውቅ ወላጅ የለም። የወደቀ ወፍ፣ መኪና የገጨው ጥንቸል ወይም የሞተ ጃርት ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። ታዲያ ወላጅ ይፍቀድለት ወይስ ይከልክለው? የኔን መልስ ከወዲሁ ልናገር፤ በባዶ እጁ መንካት የለበትም። ግን ክልከላ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ እቤታችን አይቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር። ጎረቤቶቻችን ዶሮ የጨረሰባቸውን ሽለምጥማጥ በዱላ መትተው አጥር ስር ጣሉት። የሰባት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ከዚያ በፊት የሞተ እርግብ ይዞ ገብቶ እማዬ በአርጩሜ ገርፋዋለች። ስለዚህ የአሁኑን ለማንም አልተናገረም። ጅራቱን ቆርጦ በጫማ ካርቶን አልጋ ስር ደበቀው። በሦስተኛው ቀን ሽታው አጋለጠው። ጣቱ ላይም ቁስል ነበር። "ምን ሆነህ ነው?" ሲባል "ቆርቆሮ ቆረጠኝ" አለ። ማታ ብቻችንን ስንሆን ማንም እንደማይገርፈው ምዬለት ነው እውነቱ የወጣው። ያነሳው ገና ሲንፈራገጥ ነበር፤ ነክሶታል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደን ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ታጠበ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ጀመረ። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ በሽታው ቀበሮንም ሌላውንም ሥጋ በል አውሬ ይይዛል። የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ እንስሳው ስለሞተ ደግሞ ምራቁና አንጎሉ ወዲያው ንጹሕ አይሆኑም። ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ያድናል፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ያንን ሦስት ቀን የበላብን አውሬው ሳይሆን አርጩሜው ነው።

"ወፍስ ምን ታደርጋለች?" የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 አዘርባጃን ውስጥ 8 ሰዎች በወፍ ጉንፋን ታመው 5ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ ሳልያን የሚባል ወረዳ ነዋሪዎች ነበሩ፤ የበዙትም ወጣት ሴቶች ናቸው። መርማሪዎች ዋና ምክንያት አድርገው የያዙት ስዋን የሚባሉትን ትልልቅ የውሃ ወፎች ሞተው ሲገኙ ላባቸውን መንጨትን ነው።

አባ ሰንጋ ደግሞ እዚሁ አገራችን አለ። ደቡብ ኦሞ፣ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 በዚህ በሽታ ከ1,600 በላይ የዱር እንስሳት አልቀዋል። ሬሳው ሲቀደድና ደሙ አየር ሲያገኝ ጀርሙ ጠንካራ ሽፋን አበጅቶ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ቀንዱን ልንቀል፣ ቆዳውን ልግፈፍ የሚል ልጅ (የሚልኩት አዋቂዎችም አይጠፉም) የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ "ልጅ ካልነካ ምን ይማራል?" ብሎ ተከራክሮኛል። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ማየቱን ማን ከለከለ? ራቅ ብሎ ቆሞ ጥፍሩን ይይ፣ ጥርሱን ይቁጠር፣ ይጠይቅ። ሳያውቅ ከነካም እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ይናገር። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ስለ ጤና ስንጽፍ "አትንኩ" ላይ እንቆማለን። "ከነካችሁ ንገሩን፣ አንቆጣም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ስንቶቻችን እንጽፋለን?

ወንድሜ ክትባቱን ጨርሷል። ባለፈው ሳምንት በእማዬ ስልክ ደውሎ አጥሩ ስር የሞተ ጉጉት እንዳገኘ ነገረኝ። አለመንካቱን ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ፤ ከዚያ ካርዷ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ዓይኖቹ ትልቅነት አወራኝ።